ብሮድሄድ ሲታሰርበት ዒላማ የሚስት ፍላጻ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

እዚህ ቨርጂኒያ የቀስት አደን ወቅት ሊገባ ሲል ጋራዤ በሰው ፍላጻ ይሞላል። ብዙው በኢንተርኔት በርካሽ የተገዛ ደርዘን ነው። ርካሽነቱን አልቃወምም፤ በርካሽ ፍላጻ ብዙ አጋዘን ወድቋል። የሚያቃጥለኝ ለደጋኑ የማይሆን ፍላጻ መገዛቱ ነው።

በልምምድ ጫፍ ልክ ይመታል፤ ብሮድሄድ ሲታሰር ይስታል

ደግሜ ደጋግሜ የማየው ይህን ነው። 20 ያርድ ላይ በልምምድ ጫፍ ፍላጻዎቹ ተጠጋግተው ይሰካሉ። ምላጭ ያለው የአደን ጫፍ፣ ብሮድሄድ፣ ሲገባ ግን ሌላ አገር ይሄዳሉ። ሰውም ወዲያው ማነጣጠሪያውን መነካካት ይጀምራል። እባካችሁ ማነጣጠሪያውን ተዉት!

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ስፓይን ነው፤ የዘንጉ ግትርነት ማለት ነው። ገመዱ ሲለቀቅ ዘንጉ ይጎብጣል፣ ከዚያ እየተወዛወዘ ይሄዳል። የልምምድ ጫፍ ምላጭ ስለሌለው ውዝዋዜውን ላባው ያርመዋል። ብሮድሄድ ግን ከፊት ሆኖ ምላጩ ነፋስ ይይዛል። ዘንጉ ከመጠን በላይ ከለሰለሰ ምላጩ ፍላጻውን ወደ ጎን ይነዳዋል።

የስፓይኑ ቁጥር እንዲህ ነው የሚወጣው። 29 ኢንች ዘንግ፣ በ28 ኢንች የተራራቁ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ይጋደማል። መሃሉ ላይ 1.94 ፓውንድ፣ ወደ 880 ግራም፣ ይንጠለጠላል። ግማሽ ኢንች ከጎበጠ 500 ይባላል፤ 0.340 ኢንች ከጎበጠ 340። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ዘንጉ ይጠነክራል። ገልብጦ የሚያነበው ሰው ብዛቱ! «500 ከ400 ይበልጣል» ብሎ የሚገዛ አለ።

ርካሽ ደርዘኖች ላይ የማገኘው በአብዛኛው 500 ነው። ማሸጊያው ላይ «ከ30 እስከ 60 ፓውንድ» ተብሎ ይጻፋል፤ ፓውንዱ ደጋኑን ለመሳብ የሚፈልገው ኃይል ነው። ይህ ጽሑፍ ያናድደኛል። የ30 ፓውንድ ደጋንና የ60 ፓውንድ ደጋን በአንድ ዘንግ እኩል አይተኩሱም። ሻጩም ይህን ያውቃል።

አንድ ጋሼ 65 ፓውንድ ደጋናቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ተበላሽቷል። ገመድ አስቀየርኩ፣ ሬስት አስቀየርኩ፣ ያው ነው» አሉኝ። ሬስት ፍላጻው ደጋኑ ላይ የሚያርፍበት መደገፊያ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ ፍላጻውን ያሳዩኝ» አልኳቸው። 500 ነው። 30 ኢንቹ አልተቆረጠም። ጫፉ ደግሞ 125 ግሬይን፣ ወደ 8 ግራም። የዘንጉ ርዝመትም የጫፉ ክብደትም ያንኑ ለስላሳ ዘንግ ይብሱን ያለሰልሱታል። የኔን 340 ሰጥቻቸው የራሳቸውን ብሮድሄድ አሰርንበት። 25 ያርድ ላይ ከልምምዱ ፍላጻ ጎን ተሰካ። ዝም ብለው አዩትና «ያ ሁሉ ገንዘብ ገደል ገባ በለኛ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ለገመድና ለሬስት ያወጡት ትክክለኛ ፍላጻ ገዝቶ ይተርፍ ነበር።

ገና ካልገዛችሁ መነሻው ይህ ነው። ለ50 ፓውንድ ደጋንና 28 ኢንች አካባቢ ለሆነ ዘንግ 500። ለ60 ፓውንድና 28 ኢንች 400። ለ70 ፓውንድና 29 ኢንች 340፣ ጫፉ ከከበደ 300። ከዚያ የፋብሪካውን ሰንጠረዥ እዩ። ገንዘብ የምትቆጥቡት ቀጥታነቱ ላይ ነው። 0.001 ኢንች የተጻፈበት ውድ ነው፣ 0.006 ኢንች ርካሽ። አጋዘን በሚተኮስበት 20 እና 30 ያርድ ላይ ልዩነቱን አታዩትም። ስፓይን ላይ ግን አትቆጥቡ።

ገዝታችሁ ከሆነና ዘንጉ ከለሰለሰ፣ ደጋኑን ጥቂት ፓውንድ ዝቅ አድርጉ ወይም ጫፉን ከ125 ወደ 100 ግሬይን ቀይሩ። ካልበቃ ዘንጉን አሳጥሩ። የመሳቢያ ርዝመታችሁን ሳትለኩ ግን እንዳትቆርጡ! ሲሳብ ጫፉ ከሬስቱ ወደ ኋላ ካለፈ ፍላጻው እጃችሁ ውስጥ ይገባል። የካርቦን ዘንግ በእጅ መጋዝም አይቆረጥም፤ ካርቦኑን ይተረትረዋል። በፍጥነት የሚሽከረከር ዲስክ ይፈልጋል፣ እናንተም ማስክ አድርጉ።

ስፓይኑ ትክክል ሆኖ ብሮድሄዱ ሁሌ ወደ አንድ ጎን ከሄደ ሬስቱ ነው። ግራ ከመታ ሬስቱን 1/32 ኢንች ወደ ቀኝ ግፉት፣ ቀኝ ከመታ ወደ ግራ። ተኩሱና እዩ፣ ከዚያ ድገሙት።

ከደርዘኑ አንዱ ብቻ ይስታል

ፍላጻዎቹን ቁጥር ጻፉባቸው፤ ያለዚያ ጥፋተኛውን አታገኙትም። ብሮድሄዱን አስራችሁ ጠረጴዛ ላይ በጫፉ አሽከርክሩት። ከተንቀጠቀጠ ኢንሰርቱ፣ ዘንጉ አፍ ውስጥ ተጣብቆ ጫፉ የሚታሰርበት ቁራጭ፣ ጠማማ ገብቷል። ርካሽ ዘንግ ሲቆረጥ አፉ እኩል ስለማይሆን ነው። አፉን ሞርዳችሁ አስተካክሉት። እንቢ ካለ ለልምምድ ይቅር።

ጫፉ ዒላማው ውስጥ ይቀራል

ፋብሪካው ሙጫ ቆጥቧል። የዘንጉን ውስጥ በአልኮል ጠርጉ፣ ብናኙ እስኪጠፋ። ከዚያ በሁለት ቱቦ የሚመጣውን ኢፖክሲ ተጠቀሙ፣ እስከ ማግስቱም አትንኩት። እሳት አታስጠጉበት፤ ሙቀት ካርቦኑን ይገድለዋል።

ዘንጉ ሲጎብጥ ይንቋቋል

ይህ ቀልድ የለውም። ፍላጻው ድንጋይ ወይም ሌላ ፍላጻ ከመታ ሳታዩት አትተኩሱት። ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ከፊታችሁ አርቃችሁ አጉብጡት፣ እያዞራችሁ። ዘንጉን በጥጥ አብሱት፤ ጥጡን ከያዘ ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀ ካርቦን ሲለቀቅ ተበታትኖ ደጋን የያዘውን እጅ ይወጋል። ሰብራችሁ ጣሉት። ቆሻሻ ውስጥ ሙሉውን ከጣላችሁት የሚያነሳው ልጅ ይኖራል።

ፍላጻው አጋዘኑ ውስጥ ከተሰበረም በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ሳትሰስቱ ቁረጡና ጣሉ። የካርቦኑ ስንጥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ በዓይን አይለይም። እግረ መንገዴን፣ የአጋዘን ክትፎ የምታስቡ ካላችሁ ተዉት። የዱር ሥጋ ጥገኛ ተውሳክ ሊኖርበት ይችላል፤ በደንብ ይብሰል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ደጋኑ ሲለቀቅ ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል፦ ፍላጻው ቀሏል። ለእያንዳንዱ የደጋን ፓውንድ ቢያንስ 5 ግሬይን የፍላጻ ክብደት ያስፈልጋል፤ ለ60 ፓውንድ 300 ግሬይን ማለት ነው። ለአጋዘን እኔ ከ400 ግሬይን በታች አልወርድም።

ኖኩ፣ ፍላጻው ገመዱን የሚይዝበት የኋላ ጫፍ፣ ገመዱ ላይ ይላላል ወይም ስንጥቅ አለው፦ ቀይሩት። ዋጋው ሳንቲም ነው፤ ሲሰበር ደጋኑ በባዶ እንደተተኮሰ ይሆናል።

አሉሚኒየሙ ጎብጧል፦ ለማቅናት አትድከሙ።

የእንጨት ፍላጻ በኮምፓውንድ (መዘውር ባለው ዘመናዊ) ደጋን፦ በፍጹም።

ብሮድሄዱ ጠባብ ነው፦ የቨርጂኒያ ሕግ ለአጋዘን ቢያንስ 7/8 ኢንች ስፋት ይጠይቃል። በርካሽ የሚመጡትን ከመግዛታችሁ በፊት ስፋታቸውን እዩ፣ ሲደርሱም በማስመሪያ ለኩ።