የድሮ ዘፈን ምሽት በጎንደር፤ ከቅንብሩ እስከ ጄኔሬተሩ

የድሮ ዘፈን ምሽት ለማዘጋጀት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ዘፋኝ ነው። ብዙው ዝግጅት የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። የጥላሁን ገሠሠን፣ የብዙነሽ በቀለን ወይም የዓለማየሁ እሸቴን አዘፋፈን የሚያስመስል ልጅ ጎንደር ውስጥ አይጠፋም። የሚጠፋው ከድምፁ ሥር ያለው ነው፦ የሳክስፎኑና የትራምፔቱ ቅብብል፣ ቀጭኗ ኦርጋን፣ ቤዙ። ያ ሙዚቃ ያደገው በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ኦርኬስትራዎች ውስጥ ነው፤ ቅንብሩም ለትንፋሽ መሣሪያ ተብሎ የተሠራ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ አውቶማቲክ ስታይል ከፍቶ ድራሙንም ቤዙንም በግራ እጁ ካስነሣው፣ ዘፋኙ የፈለገውን ያህል ቢችል ምሽቱ ሠርግ ቤት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅንብሩን አውጡ፣ ቀጥሎ ተጫዋች ፈልጉ፣ ከዚያ ዘፋኝ። አዳራሽ መጨረሻ ይደርሳል።

ቀን ስትቆርጡ

በዐቢይ ጾም 55 ቀን አይሞከርም። የጥምቀት ሰሞን ከተማው ሞልቶ ስለሚፈስ አዳራሽም ተጫዋችም ዋጋው ይሰቀላል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲመታ ምንም አይሰማም። የሚሻለው በዓለ ሃምሳ ነው። በነዚያ 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ዓርብ ማታን መያዝ ትችላላችሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ተጫዋቾቹ ሠርግ ላይ ናቸው። ከጥምቀት ማግስት እስከ ጾሙ መግቢያ ያሉት ሳምንታትም ይሆናሉ፣ ግን ሠርጉ እዚያም ይሻማችኋል። ለአዳራሹ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃዱንና የሰዓት ገደቡን ከከተማ አስተዳደሩ ጠይቁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ 2፡30 ላይ የሚያልቅ ዝግጅት፣ ማራኪና አዘዞ የሚሄደው እንግዳ ባጃጅ ሳያጣ ቤቱ እንዲገባ ያደርጋል።

ኖታ ማውጣት

ከ12 እስከ 14 ዘፈን ይበቃል። በሸክላ ጊዜ አንድ ዘፈን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነበር፣ ባለ 45 ዙሩ ሸክላ አንድ ገጹ ብዙም ከዚያ በላይ አይዝምና። መድረክ ላይ በመሣሪያ ሶሎ ወደ 6 ደቂቃ ይረዝማል። 45 ደቂቃ የሚፈጁ ሁለት ዙሮች፣ በመሐል 20 ደቂቃ ዕረፍት።

ምንጩ ላይ ተጠንቀቁ። በ1966 እና በ1967 ሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን የሌሊት ሕይወት ሲዘጋው፣ የሸክላ አሳታሚው የአምኃ እሸቴ ሥራም ሲቆም፣ ሙዚቃው ወደ ካሴት ገባ። ዛሬ በስልክ የሚዞረው ብዙው ቅጂ የካሴት ግልባጭ ነው፤ ካሴት ማጫወቻ ደግሞ ሞተሩ ሲያረጅ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ፍጥነቱ 6 በመቶ ያህል ሲለወጥ ዘፈኑ በግማሽ ድምፅ ይንሸራተታል። ቅጂውን በቱነር (በድምፅ ቁመት መለኪያ) ለኩት፤ በሁለት ድምፆች መሐል ከወደቀ ኤ 440 ሄርዝ ላይ እስኪቀመጥ በኮምፒዩተር አስተካክሉት። ይህን ያልሠራ ባንድ አንዱ ከኢ፣ ሌላው ከኤፍ አውጥቶ ይመጣና የመጀመሪያው ልምምድ በክርክር ያልቃል። ካሴቱ ራሱ እጃችሁ ካለ፣ ከማጫወታችሁ በፊት የማጫወቻውን ሄድ በ90 በመቶ አልኮልና በጥጥ ጥረጉት። የጠፋ የሚመስለው የትራምፔት ድምፅ ብዙውን ጊዜ የሚሸፈነው በዚያ ቆሻሻ ነው።

ስታወጡ ከቤዙ ጀምሩ፣ ከዚያ ትንፋሾቹን፣ ዜማውን በመጨረሻ። ፍጥነቱን ወደ 70 በመቶ የሚያወርድ፣ የድምፁን ቁመት ግን የማያወርድ ፕሮግራም ተጠቀሙ። የላይኛው መስመር የትራምፔቱ ነው ብላችሁ ቶሎ አትፍረዱ፤ አልቶ ሳክስፎን ከላይ፣ ትራምፔት ከሥር የሚሄድባቸው ቦታዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች በራሱ መሣሪያ ቁመት ጻፉለት። ባንዱ ሲ ላይ ሲሆን ቴነር ሳክስፎንና ትራምፔት ዲ፣ አልቶ ሳክስፎን ኤ ያነባሉ።

ባንዱን ማቋቋም

ዝቅተኛው ሰባት ሰው ነው፦ ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ቴነር ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ድምፃዊ። ትሮምቦን ከተገኘ እሰዬው። አንድ ትንፋሽ ብቻ ካገኛችሁ ትራምፔቱን ሳይሆን ቴነሩን ያዙ። ቴነር ብቻውን ሲቀር ለዘፋኙ መልስ መስጠት ይችላል፤ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወተው ጌታቸው መኩሪያ ያሳየውም ይህንኑ ነው፣ የጎንደር ታዳሚም ያን ቋንቋ ከማንም በላይ ይሰማል። የትንፋሽ ተጫዋች የሚገኘው በቀድሞ የኪነት ቡድኖችና በማርሽ ባንድ ካለፉ ሰዎች ዘንድ ነው። መሣሪያው ለዓመታት ሳጥን ውስጥ ከቆየ ልምምዱ ከመጀመሩ አንድ ወር ቀድማችሁ አስፈትሹት። የሳክስፎን ፓድ ሲደርቅ አየር ያሾልካል፣ ዝቅተኞቹ ድምፆችም እምቢ ይላሉ፤ ጥፋቱ ግን በተጫዋቹ ይላከካል።

የኪቦርዱ ሥራ ኦርጋን ነው። ፒያኖና ቫዮሊን የሚመስሉትን ድምፆች ዝጉ፤ ቀጭን የኮምቦ ኦርጋን ድምፅ ምረጡ፣ ሪቨርቡን ወደ ዜሮ አውርዱ፣ ትንሽ ቪብራቶ ተዉ። የጎደለ ትንፋሽ በኪቦርድ ከተሞላ በአንድ ጣት፣ ያለ ኮርድ፣ ድምፁን ቶሎ ቶሎ እየቆረጡ ይሁን። ቤዝ ጊታሩ ላይ ከድልድዩ አጠገብ፣ ከክሮቹ ሥር ቁራጭ ስፖንጅ ሸጉጡ፤ ያ ደረቅና አጭር ድምፅ ያኔ ይመጣል። ለድራሙ ስኔሩን ጠበቅ አድርጉ፣ የሚንጫረርበት ከሆነ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉበት።

ችክችካውን በስድስት ስምንተኛ ሲመቱ የሚፈጠረው ችግር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መፍጠን። የቅጂውን ፍጥነት መለካት ያለባችሁ መግቢያው ላይ ሳይሆን ድምፁ በሚገባበት ቦታ ነው። በሜትሮኖም ተለማመዱ፣ መድረክ ላይ ግን አትጠቀሙበት። እነዚያ ቅጂዎች ባንዱ በሙሉ አንድ ላይ ሆኖ የተቀዳባቸው ስለሆኑ ትንሽ ይተነፍሳሉ።

የቅኝት ቅደም ተከተል

ክራርና ማሲንቆ ካስገባችሁ (ጎንደር ላይ አለማስገባት ያስተዛዝባል) የዘፈኖቹን ተራ የሚወስነው ቅኝት ነው። በየዘፈኑ መሐል ክራር መቃኘት ታዳሚውን ወደ ወሬው ይመልሰዋል። ከሲ ስትነሡ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ወደ ትዝታ ማይነር ለመሄድ የኢ እና የኤ ክሮችን በግማሽ ድምፅ ማላላት ብቻ ይበቃል። ከዚያ ወደ አምባሰል ሁለት ክር ነው፦ ዲ ወደ ዲ ፍላት ይወርዳል፣ ኢ ፍላት ወደ ኤፍ ይወጣል። ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬም ሁለት ብቻ፦ ጂ በግማሽ ይወርዳል፣ ኤ ፍላት በግማሽ ይወጣል። ስለዚህ ትዝታ ሜጀር፣ ትዝታ ማይነር፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብሎ የተደረደረ ዙር ክራርተኛውን አያስጨንቅም። ባቲ ከዚህ ሰንሰለት ይወጣል፤ ከትዝታ ሜጀር ወደ ባቲ ሜጀር፣ ማለትም ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ፣ ሦስት ክር ይነካል። የባቲ ዘፈኖችን ለሁለተኛው ዙር መጀመሪያ አስቀምጡ፣ በዕረፍቱ ይቃኛል።

ማሲንቆው የፈረስ ጭራ ስለሆነ እርጥበት ሲነካው ይላላል፤ የከበሮ ቆዳም እንዲሁ። ከበሮውን ቀን ፀሐይ ላይ አውጡት። ማይክሮፎኑን ከማሲንቆው ቆዳ 20 ሳንቲሜትር ያህል አርቃችሁ ትከሉ፤ ከቀረበ የቀስቱ ፍጭት ይበልጣል።

አንጋፋውን ሙዚቀኛ ስትጋብዙ

ምሽቱ ዘፈኑን ከሠሩት ሰዎች ጋር ቢሆን ሌላ ነገር ነው። ግርማ በየነ ከረጅም ዓመታት ዝምታ በኋላ አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር በ2009 አልበም አውጥቷል። ወጣቶቹ የዘመኑን ቅንብር አስቀድመው ያጠኑ ስለነበሩ አንጋፋው ከእነሱ ጋር መሥራት አላቃተውም። እናንተም «ጋሼ፣ ፕሮግራም አለን፣ ይምጡልን» ብቻ ብላችሁ አትደውሉ። የትኞቹ ሦስት ዘፈኖች እንደሆኑ፣ ባንዱ በስንት ሰው እንደሚጫወት፣ ልምምዱ መቼ እንደሆነ ንገሯቸው፤ የልምምዱን ቅጂ በስልክ ላኩላቸው። ከስምምነቱ ግማሹን በቀብድ፣ ቀሪውን ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት ስጡ። ከዝግጅቱ በኋላ ገንዘብ ቆሞ የሚጠብቅ አንጋፋ ማየት ያሳፍራል።

ከሁሉ በላይ የዘፈኑን ኪ (የሚነሣበትን ድምፅ) ጠይቁ። በ25 ዓመቱ ኤፍ ላይ የቀዳ ሰው በ70 ዓመቱ ሁለት ወይም ሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማለት ይፈልጋል። እዚህ ጋ ጊታሪስቱ «ዲ ይሻለኛል» ይላል። በትዝታ ሜጀር ዲ ከሆነ ቴነሩ ከኢ፣ አልቶው ከቢ ሊጫወት ነው፤ ዲዬዝ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ኖታ) ይበዛበትና ጣት ይተሳሰራል። ኢ ፍላት ብትሉ ቴነሩ ኤፍ፣ አልቶው ሲ ያገኛል፣ መንገዱም ክፍት ነው። ጊታሪስቱ ካፖ (የጊታሩ አንገት ላይ የሚታሰር መቆንጠጫ) ይሰር።

መድረኩ ላይ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ከደረጃው አጠገብ የሚይዝ ሰው፣ ለብ ያለ ሻይ አዘጋጁ። ተራቸው የመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ይሁን፤ ሌሊቱ ሳይበርድ፣ እሳቸውም ሳይደክሙ።

ሽልማቱን በተመለከተ ቀድማችሁ ተስማሙ። የአዝማሪ ቤት ልማድ ያለው ታዳሚ ተነሥቶ ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል፤ ይህ የሚደርሰው ለዘፋኙና ለማሲንቆው ብቻ ነው፣ ድራመሩና ትሮምቦኑ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። መድረኩ ፊት አንድ ሰፌድ አስቀምጡና የተሸለመው ሁሉ እዚያ ገብቶ እኩል ይከፈል። በየዘፈኑ መግቢያም መድረክ መሪው ሦስት ስም ይጥራ፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የባለቤቶቹን መብት ከሞቱ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ትኬት የምትሸጡ ከሆነ ፈቃድ መጠየቅ እዳችሁ ነው።

ድምፅና መብራት

150 ሰው በሚይዝ አዳራሽ ትንፋሾቹ ማይክ አያስፈልጋቸውም። ስፒከሩ ለድምፃዊው፣ ለኪቦርዱ፣ ለክራሩና ለማሲንቆው ይበቃል። ትንፋሾቹን ከዘፋኙ ኋላ አታቁሙ፤ በጎን አድርጓቸው፣ አለዚያ ትራምፔቱ በጀርባው በኩል ማይኩ ውስጥ ይገባል። ሞኒተሩ (ለዘፋኙ ራሱ የሚያሰማው ስፒከር) ከአንጋፋው አንድ ሜትር ተኩል ርቆ ወደ ጆሯቸው ያቅና። የድምፅ ባለሙያው ያለ ልመና ኢኮ ይለቃል፤ አስጠፉት። የብሎኬት ግድግዳ ራሱ ከሚበቃው በላይ ይመልሳል፣ እንዲያውም ከመድረኩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ምንጣፍ ስቀሉ።

ሲመሽ ብርዱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ የትንፋሽ መሣሪያ የግማሽ ድምፅን ሲሶ ያህል ዝቅ ይላል፤ የጊታርና የክራር ብረት ክር ደግሞ ይጠብቅና ወደ ላይ ይወጣል። ማለትም ባንዱ ለሁለት ይከፈላል። በዕረፍቱ መጨረሻ ትንፋሾቹ ሁለት ደቂቃ ነፍተው መሣሪያቸውን ያሙቁ፣ ከዚያ ባለ ክሮቹ ከቴነሩ ይቃኙ። በቀን ከተደረገው የድምፅ ሙከራ ላይ ተመሥርቶ የሚጀምር ሁሉ ሁለተኛው ዙር ላይ ይጣመምበታል።

መብራት እንደሚጠፋ አስባችሁ ተነሡ። ዋና ስፒከሮች፣ ሞኒተሮች፣ የጊታርና የቤዝ አምፕሊፋየር፣ መብራቱ ተደምሮ ሲጮህ እስከ 3 ኪሎዋት ሊደርስ ይችላል። በስያሜው ባለ 5 ኪሎቮልት አምፔር የሆነ የቤንዚን ጄኔሬተር ወደ 4 ኪሎዋት ይሰጣል ይባላል። ጎንደር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል፤ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3.5 በመቶ ያህል ስለሚያጣ ሩቡ ይሄድና የሚተርፈው 3 ብቻ ነው። ልክ ልኩን የያዘ ጄኔሬተር ቤዙ በመታ ቁጥር ይንገዳገዳል፣ ኪቦርዱም ጠፍቶ ይነሣል። ባለ 7 ተከራዩ፤ ቢያንስ 20 ሜትር አርቃችሁ ከግድግዳ ጀርባ አቁሙት፣ ገመዱ 4 ሚሊሜትር ካሬ ይሁን። ኪቦርዱንና ሚክሰሩን በዩፒኤስ በኩል አያይዙ። የባንዱ ዕቃ በሙሉ ከአንድ ማከፋፈያ ይውጣ፤ ጊታሩ ከአንድ ግድግዳ፣ ሚክሰሩ ከሌላው ከተሰካ እዝዝታው አይለቃችሁም። የቡና ምድጃውን ደግሞ አደራ፣ ከዚያው መስመር ማንም እንዳይሰካው ሰው አቁሙበት።