የተጨናነቀ መስቀለኛ መንገድ፦ ከቆጠራ እስከ ማስተካከል

እንደ አዲስ አበባ በፍጥነት በምታድግ ከተማ መንገድ ሲጨናነቅ ቀድሞ የሚነሳው ሐሳብ «ይስፋ» ወይም «ማሳለጫ ይሠራበት» የሚል ነው። መኪና የሚታገደው ግን አብዛኛውን ጊዜ መስቀለኛው ላይና ከእሱ ቀጥሎ ባለው ፌርማታ ነው። መብራቱ የሚያሳልፈው መኪና ያው ከሆነ መንገዱ ከሁለት ረድፍ ወደ አራት ቢሰፋም የሚሰፋው ሰልፉ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ከመስቀለኛው ይጀምር።

መጀመሪያ ቆጠራ ነው። ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ምረጡ። ሰኞና ዓርብ የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ የበዓል ሰሞንና ትምህርት ቤት የተዘጋበት ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አይሆኑም። ከጠዋቱ 12:30 እስከ 3:30፣ ከዚያም ከቀኑ 10:00 እስከ ምሽቱ 1:30 በየ15 ደቂቃው ይመዝገብ። በእያንዳንዱ መግቢያ ቀጥታ የሄደው፣ ወደ ግራ የታጠፈውና ወደ ቀኝ የታጠፈው ለየብቻ ይያዛል፤ የቤት መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ አውቶቡሱና የጭነት መኪናውም እንዲሁ። አንድ ቆጣሪ ከአንድ መግቢያ በላይ አይያዝ። ከፎቅ ላይ በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ ከተቻለ ለማመሳከር በጣም ይጠቅማል።

ብዙ ቆጠራ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ያለፈውን መኪና ብቻ የቆጠረ ሰው የመዘገበው መስቀለኛው የቻለውን እንጂ ለማለፍ የመጣውን አይደለም። በየ15 ደቂቃው መጨረሻ ሰልፉ ስንት መኪና እንደደረሰም ይጻፍ። 200 መኪና አልፎ ሰልፉ ከ10 ወደ 40 ካደገ ትክክለኛው ፍላጎት 230 ነው። በ200 የተሰላ መብራት ገና ከመጀመሪያው ቀን አይበቃም።

ቀጥሎ የመብራቱ ሰዓት ይሰላል። አረንጓዴ ሲበራ አንድ ረድፍ በ2 ሰከንድ አንድ መኪና ገደማ ያሳልፋል፤ ሰዓቱን ሙሉ አረንጓዴ ቢሆን 1,800 መኪና ማለት ነው። ተራው ከአንዱ አቅጣጫ ወደ ሌላው በተላለፈ ቁጥር ደግሞ 4 ሰከንድ ያህል ይባክናል፤ አራት ተራ ያለው መስቀለኛ በአንድ ዙር፣ ማለትም ሁሉም አቅጣጫ አንዴ ተራ እስኪደርሰው፣ 16 ሰከንድ ያጣል። በየተራው በጣም የተጫነውን ረድፍ የሰዓት ፍላጎት ለ1,800 አካፍሉና ውጤቶቹን ደምሩ፤ ይህ የጫናው ድምር ነው። የትራፊክ መብራት ለማስላት በተለመደው የዌብስተር ቀመር የዙሩን ርዝመት ለማግኘት የባከነው ሰከንድ በ1.5 ተባዝቶ 5 ይደመርበታል፤ ከዚያም ከ1 ላይ የጫናው ድምር ተቀንሶ ለቀረው ይካፈላል። ድምሩ 0.7 ከሆነ 29 ለ0.3 ሲካፈል 97 ሰከንድ ይመጣል። 0.9 ከሆነ ግን 290 ሰከንድ ነው። ይህን ቁጥር አይቶ መብራቱን ማስረዘም አይገባም፤ ተራው በዝቷል ማለት ነውና።

ተራ የሚቀነሰው በዋናነት ወደ ግራ መታጠፍን በመከልከል ነው። አራቱ ተራ ወደ ሁለት ከወረደ የሚባክነውም ወደ 8 ሰከንድ ይወርዳል። ታዲያ ታጣፊው ወደፊት ሄዶ ዞሮ የሚመለስበት በቂ ቦታ ካልተዘጋጀለት ክልከላው በሳምንት ውስጥ ይጣሳል። ዞሮ የሚመለሰውም መኪና በቀጥተኛው ፍላጎት ላይ ተደምሮ እንደገና ይሰላ።

ዙሩን በእጅ ከ2 ደቂቃ ወደ 4 ደቂቃ ማስረዘም የተለመደ መፍትሔ ነው፤ እኛ ግን አንመክረውም። አራት ተራ ባለው መስቀለኛ የሚባክነው ጊዜ ከ13 በመቶ ወደ 7 በመቶ ቢወርድም፣ በቀይ የሚጠብቀው ሰልፍ በእጥፍ ረዝሞ ከኋላ ያለውን መስቀለኛ ይዘጋል። እግረኛውም ትዕግሥቱ አልቆ በመኪናው መካከል ይሻገራል። ለእግረኛ በሰከንድ 1 ሜትር አስቡ፤ 14 ሜትር ስፋት ላለው መንገድ ለመነሳት ከሚወስደው ጊዜ ጋር 20 ሰከንድ ገደማ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ከፍተኛውን የጉዞ ድርሻ የሚይዘው የእግር ጉዞ ስለሆነ ይህን ሰዓት ከመኪናው የተረፈ አድርጎ ማየት ስህተት ነው።

መብራቱ በትክክል ተሰልቶም ጥግ ይዞ የቆመ አንድ መኪና ሊያበላሸው ይችላል። በ30 ሰከንድ አረንጓዴ አንድ ረድፍ 15 መኪና ያሳልፋል፤ 15 መኪና ተሰልፎ ደግሞ 100 ሜትር ያህል ይይዛል። «መቆም ክልክል ነው» የሚለው ምልክት 30 ሜትር ብቻ ከሸፈነ በዚያ ረድፍ የሚያልፈው 4 ወይም 5 መኪና ነው፤ የቀረው አረንጓዴ ባዶውን ያልፋል። ስለዚህ ክልከላው 100 ሜትሩን ሙሉ ይሸፍን።

የሚኒባስ ፌርማታ ከመብራቱ በኋላ ይሁን፤ ከበፊት ከሆነ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ሲጭን አረንጓዴው ያልፋል። ስፋቱን መገመት ሳይሆን ማስላት ይሻላል። በሰዓት 120 ሚኒባስ መጥቶ እያንዳንዱ 1 ደቂቃ ከቆመ በአማካይ 2 ሚኒባስ ቆሞ ይገኛል። ግን በእኩል ልዩነት አይመጡም። ለ2 ብቻ ቦታ ከተሰጠ ከጊዜው ሲሶ ያህሉን ሦስተኛው መንገዱ ላይ ይቆማል። ለ5 ሚኒባስ የሚሆን 35 ሜትር ስጡ። ረዳቱ ተሳፋሪ እስኪሞላ እየጠራ 2 ደቂቃ የሚያቆም ከሆነ 35 ሜትሩም አይበቃም፤ ያኔ ተራ አስከባሪውን በስሌቱ ማሳተፍ ግድ ነው።

አደባባይ ሲቆለፍ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከአንዱ መውጫ የተነሳ ሰልፍ ክቡን መዝጋቱ ነው። መብራት ከመትከላችሁ በፊት የዚያን መውጫ ፌርማታና ጥግ ላይ የቆመ መኪና አንሱ።

በከተማ ደረጃ ወደ መሃል ከተማ የሚገባን መኪና ማስከፈል የሚታሰብ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ከስቶክሆልም መውሰድ ይቻላል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሙከራው ሲጀመር ወደ መሃል ከተማ የሚገባና የሚወጣ መኪና በ20 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ተጨማሪ አውቶቡሶች ግን የተሰማሩት ከወራት በፊት ነበር።

ለውጡ ከተደረገ ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው የሳምንቱ ቀንና ሰዓት ድጋሚ ቁጠሩ። ቀጣዩ መስቀለኛም አብሮ ይቆጠር። ከዚህ የተለቀቀው መኪና እዚያ ተከማችቶ ከተገኘ የዚህኛው አረንጓዴ እዚያ ማለፍ በሚችለው መኪና ልክ እንዲሆን ይቀነስ።