«ገባቸው» ብሎ ከመጻፍ በፊት፦ የመምህር የክፍል ማስታወሻ አያያዝ

የክፍል ማስታወሻ ስል በየሳምንቱ ለፊርማ የሚቀርበውን የትምህርት ዕቅድ ማለቴ አይደለም። ዕቅዱ ሊሆን የታሰበውን ይናገራል፤ ማስታወሻው ግን በ40 ደቂቃው ውስጥ የሆነውን የሚይዝ፣ ማንም የማይፈርምበት የመምህሩ የግል ደብተር ነው። ለተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማኅደር፣ ማለትም መምህሩ ሙያውን ለማሻሻል የሠራው ለሚሰበሰብበት ፋይል፣ የሚሆን ጽሑፍ ቢያስፈልግ እንኳ ከዚህ ተመርጦ ይቀዳ እንጂ ደብተሩ ራሱ ለማኅደር ተብሎ አይጻፍ፤ ሱፐርቫይዘር ያነበዋል ብሎ የሚጽፍ መምህር ስሕተቱን እንደሚደብቅ ከራሴ አውቃለሁ።

ለመጀመር አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። የሚያስተምሩትን ክፍል ሁሉ ለመመዝገብ አይሞክሩ፤ በሳምንት ውስጥ አንድ ሴክሽንና አንድ ክፍለ ጊዜ ይምረጡ። ዕለቱን፣ ርዕሱንና አንድ ክስተት ብቻ በዚያው ቀን፣ ክፍት ክፍለ ጊዜ ሲያገኙ ወይም በፈረቃ የሚያስተምሩ ከሆነ የከሰዓቱ ተማሪ ከመግባቱ በፊት ይጻፉ። ሁልጊዜ በደብተሩ ቀኝ ገጽ ላይ ይጻፉ፤ ግራው ባዶ ይቆይ።

ዋናው ችግር ምን እንደሚጻፍ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ማስታወሻዬን መልሼ ሳነብ በየገጹ ያገኘሁት «ትምህርቱ ጥሩ ነበር፤ ተማሪዎቹ ገባቸው» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበር። እንደገባቸው በምን አወቅሁ? «ገባችሁ?» ብዬ ጠይቄ፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ስላለ ነው። ይህ «አዎ» ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተለመደ፣ ለመምህሩ ከማክበርም ደወሉን ከመናፈቅም ሊመጣ የሚችል መልስ መሆኑን እያንዳንዳችን ተማሪ ሳለን እናውቅ ነበር፤ መምህር ስንሆን እንረሳዋለን። ስለዚህ «ገባቸው»፣ «ሰነፍ ናቸው»፣ «ፍላጎት የላቸውም» የሚሉትን ቃላት ከደብተርዎ ያስወጡና በቦታቸው ተማሪው የሠራውን፣ የተናገረውን ወይም ሳይናገር የቀረውን ይተኩ።

ለምሳሌ ክፍልፋይ መደመር አስተምረው ከሆነ «ብዙዎቹ ተሳሳቱ» ማለት ለነገ ምንም አይረዳም። «ለ1/2 + 1/3 ደብተራቸውን ካየሁላቸው ዐሥር ልጆች ስድስቱ 2/5 ብለው ጽፈዋል» የሚለው ግን ራሱ መንገድ ያሳያል፤ ልጆቹ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረዋል፤ ማለትም አንዱን ክፍልፋይ እንደ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አይተውታል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የተሳሳተ ቢሆንም ሥርዓት ያለው አስተሳሰብ ነው። እንዲህ ከተጻፈ በኋላ በማግስቱ «ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ተጨምሮ እንዴት ከግማሽ አነሰ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

የልጅ ስም አይጻፍ። «በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ» ይበቃል፤ ደብተር በመምህራን ማረፊያ ጠረጴዛ ላይ ይረሳል። ሳይበላ ስለመጣ ወይም ቤቱ ችግር ስላለበት ልጅ ያወቁትም ለሚመለከተው ሰው በቃል የሚነገር እንጂ እዚህ የሚቀመጥ አይደለም።

በወር አንድ ጊዜ የጻፉትን በአንድ ቁጭታ ያንብቡና የተደጋገመውን ያስምሩ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ጥፋቱ ከመምህር ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ ሥርዓተ ትምህርት ሲንከባለል ሰንብቷል። ያ ቁጥር እኔ በማስተምርበት ክፍል ከየት እንደሚጀምር ግን ሊነግረኝ አልቻለም፤ በወሩ መጨረሻ ያሰመርሁበት 2/5 ከእርሱ የተሻለ ነገረኝ።

ባዶ የቀረው የግራ ገጽ የሚያስፈልገው አሁን ነው። ከተሰመረበት ነገር ትይዩ አንድ ለውጥ ብቻ ይጻፉ፣ ይሞክሩት፣ ከሥሩም የሆነውን ያስፍሩ። በእኔ ደብተር በአንዱ ግራ ገጽ ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ «‹ገባችሁ?› አልጠየቅሁም። እያንዳንዱ በቁራጭ ወረቀት አንድ ጥያቄ ሠርቶ በር ላይ ሰጠኝ። ዐሥራ አንድ ወረቀት ባዶ ነው።»