የፋብሪካ ሌይአውት ስታወጡ ርቀት ብቻ እያያችሁ አትወስኑ

ሌይአውት (የክፍሎችና የማሽኖች አቀማመጥ) ሲባል ብዙ ሰው ማሽኖቹን በስራው ቅደም ተከተል መደርደር ብቻ ይመስለዋል፣ መንገዱ አጠረ ብሎ ይዘጋዋል፣ ከዛ ብየዳው ከቀለም ቤቱ ጎን ገብቶ ይገኛል፣ ብልጭታና የቀለም ትነት ጎረቤት ሆኑ ማለት ነው።

መጀመሪያ ድርድር የሌለበትን ለዩ። የአደጋ ጊዜ መውጫ፣ የመተላለፊያ ስፋት፣ ኮንክሪት ላይ የታሰረ ከባድ ማሽን፣ እነዚህ ነጥብ አይሰጣቸውም ገደብ ናቸው፣ ያላሟላ ዲዛይን የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን ይጣል።

ከዛ ኤክሴል ላይ ከየትኛው ክፍል ወደየትኛው በቀን ስንት ጉዞ እንዳለ ሙሉና በርቀቱ አባዝታችሁ ደምሩ። ርቀቱን ግን በቀጥታ መስመር አትለኩ፣ ፎርክሊፍት ግድግዳ ሰንጥቆ አይሄድም፣ በኮሪደሩ እየታጠፈ የሚሄደውን ነው መቁጠር ያለባችሁ።

ጫጫታ፣ ሽታ፣ ለቁጥጥር መመቸት በሜትር አይለኩም፣ ለነሱ አሜሪካዊው ኢንጂነር ሪቻርድ ሙተር የቀመረው የፊደል ዘዴ አለ፣ ለየሁለት ሁለቱ ክፍል አንድ ፊደል ትሰጣላችሁ፣ ኤ የግድ ይጠጋጉ፣ ዩ ግድ የለም፣ ኤክስ ይራራቁ (መሀል ላይ ኢ፣ አይ፣ ኦ አሉ)። ለየፊደሉ ነጥብ ስጡ፣ ለኤክስ ኔጌቲቭ፣ ከዛ በዲዛይኑ ጎን ለጎን የወደቁትን ክፍሎች ነጥብ ደምሩ፣ ይሄ የቅርበት ነጥብ ነው።

አሁን የርቀቱን ድምርና የቅርበቱን ነጥብ ዝም ብላችሁ እንዳትደምሩ፣ ሜትሩ ነጥቡን ይውጠዋል። ሶስት አማራጭ አለን እንበል፣ ሀ በቀን 12,000 ሜትርና 40 ነጥብ፣ ለ 13,000 እና 60፣ ሐ 16,000 እና 62። በየግቡ ምርጡን 1 መጥፎውን 0 አድርጉ፣ የመሀለኛው ከመጥፎው ምን ያህል እንደሚሻል አይታችሁ በምርጡና በመጥፎው መሀል ላለው ልዩነት አካፍሉ፣ ለ በርቀት 0.75 በቅርበት 0.91 ያገኛል። ለርቀት 60 በመቶ ለቅርበት 40 በመቶ ክብደት ብትሰጡ ሀ 0.60፣ ለ 0.81፣ ሐ 0.40 ይወጣል። እዚህ አትቁሙ፣ ክብደቱን ገልብጡት፣ አሁንም ለ ነው የሚመራው፣ ለርቀት 80 በመቶ ስትሰጡ ግን ሀ ይቀድማል። እኔ ለአለቆች ይህን ነው የማሳየው፣ አንድ የመጨረሻ ቁጥር ብቻ ካመጣችሁ ክብደቱን ማን ወሰነ የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል ያውም ትክክል ናቸው።

አማራጮቹ ከየት ይመጣሉ ካላችሁ፣ ሁሉንም መሞከር አይታሰብም፣ 10 ክፍል በ10 ቦታ 3,628,800 አይነት አደራደር አለው፣ 20 ሲሆን ኮምፒውተሩም አይጨርሰውም። ሁለት ሁለት ክፍል ቦታ አቀያይሩ፣ ከተሻለ ያዙት ካልተሻለ መልሱት፣ ማሻሻል ሲያቅት ከሌላ መነሻ እንደገና ጀምሩ ምክንያቱም አንድ መነሻ ብቻ ይዞ መሄድ መካከለኛ ውጤት ላይ ተቀርቅሮ ያስቀራል።

ማሽን ከመንቀላችሁ በፊት ደግሞ ያሸነፈውን ወለሉ ላይ በቴፕ ሳሉና እቃ የሚያመላልሰው ሰው ጋሪውን እየገፋ ይዙርበት፣ መታጠፊያው ሲጠበው ያኔውኑ ይነግራችኋል።