የብረት ቅስቱ በቂ መሆኑን በመጥረጊያ እንጨት ለኩ
ጣሪያው የሚታጠፍ እንደ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ያለ መኪና ይዛችሁ ወደ ውድድር ሜዳ የምትገቡ፣ ሲገለበጥ የሚከላከለውን የብረት ቅስት ለማሰር ወለሉን ከመብሳታችሁ በፊት ቅስቱን በቦታው አቁሙት። ሄልሜት አድርጋችሁ፣ ቀበቶውን አጥብቃችሁ ተቀመጡ። ሌላ ሰው ቀጥ ያለ የመጥረጊያ እንጨት ከቅስቱ አናት እስከ ፊት መስታወቱ ፍሬም አናት ያጋድም። ሄልሜቱ እንጨቱን ከነካ፣ መኪናው ሲገለበጥ መሬቱን የሚያገኘው ጭንቅላታችሁ ነው! 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ካልበቃ ከመቀመጫው ስፖንጅ ላይ ቀንሱ፤ ለረጃጅሞች ብዙ ጊዜ ይበቃል። ልኩን ለማግኘት ብላችሁ ግን ወንበሩን ወደ ኋላ አታጋድሙ፤ በግጭት ጊዜ ሰውነት ከቀበቶው ሥር ይሾልካል። ሄልሜት ሳታደርጉ በከተማ የምትነዱ ከሆነም፣ ቅስቱ ለጭንቅላት ቅርብ ስለሆነ በጠንካራ ስፖንጅ ይሸፈን።