በባሕር ዛፍ ማሳዎ ውስጥ ጎጆ ከመቀለስዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ወደ ዘጌ በሚወስደው አቅጣጫ ከአባቴ የወረስሁት አነስተኛ የባሕር ዛፍ ማሳ አለኝ። እዚያ አንዲት ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ለመቀለስ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ግንባታው የወሰደው ሁለት ወር ነው፤ የቀረውን ጊዜ የበላው ያበላሸሁትን ማቃናት ነው።

ቦታን በግንቦት መምረጥ። የጣና ውሃ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ዝቅ ይላል፤ በመስከረም ደግሞ ይሞላል። ውሃው ሲለቀው ብቅ የሚለውን መሬት የሐይቁ ዳር ገበሬ «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። የሸሸው ግን ይመለሳል። እኔ ነፋስ የሚገባበትን ለጥ ያለ ቦታ መርጬ ችካል ከተከልሁ በኋላ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ክንዴን ይዘው ወደ አንድ ዛፍ ወሰዱኝ። «ልጄ፣ ይህን አይተኸዋል?» አሉኝ። ግንዱ ላይ፣ በጉልበቴ ልክ፣ የደረቀ ደንገልና ጭቃ ተጣብቋል። ችካሌን ነቅዬ ወደ ዳገቱ ወጣሁ። በ1998 ዓ.ም ክረምት ከጣና በስተ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ያየ ሰው እንዲህ ያለ ምልክት አያልፈውም። አፈሩንም በሁለቱም ወቅት ይመልከቱት። ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ከሆነ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ያብጣል፤ ግድግዳውንም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል።

«ማሳው የራሴ ነው» ብሎ መጀመር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የእርስዎ የመጠቀም መብቱና በላዩ ያፈሩት ንብረት ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መያዝ ቤት ለመሥራት ፈቃድ ማግኘት ማለት ስላልሆነ ቀበሌውን አስቀድመው ይጠይቁ። ጣና ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅበትና በቀጠና የተከፋፈለ አካባቢ በመሆኑ፣ ማሳዎ በየትኛው ቀጠና እንደሚገኝም ይጠይቁ።

ዛሬ ቆርጦ ነገ መምታት። ከራስ ማሳ የተገኘ እንጨት ነፃ ስለሚመስል ያስቸኩላል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ዝናቡ እንዳበቃ ቆርጠው ልጡን ወዲያው ይላጡት፤ በእርጥቡ ካልተላጠ በኋላ ያታግላል። ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርገው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይደርድሩት። የእኔ የበር መቃን በኅዳር ተገጥሞ በየካቲት ተጣመመ። መዝጊያውን ለመዝጋት በትከሻ መግፋት ግድ ሆነ፤ ከውስጥ ለመክፈትማ እግርን ግድግዳ ላይ መደገፍ ያስፈልግ ነበር።

ምስጥን መናቅ። ከሁሉም የከፋው ስህተቴ ይህ ነው። ቋሚዎቹን በቀጥታ መሬት ውስጥ ቀበርኋቸው፤ እንደ ብዙዎቻችን ያገለገለ የሞተር ዘይትም ቀባሁ። ዘይቱ ወደ እንጨቱ ልብ አይዘልቅም፤ ሐይቅ አጠገብ ደግሞ መሬቱን መበከል ነው። በሁለተኛው ዓመት አንዱን ቋሚ ከሥሩ በአውራ ጣቴ ብጫነው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ውጪው ደኅና ይመስል ነበር፣ ውስጡ ግን አፈር ብቻ ነበር። አሁን ቋሚዎቼ በጥቁር ድንጋይ መሠረት ላይ ቆመዋል። ምስጡ ወደ እንጨቱ ለመድረስ በድንጋዩ ፊት ላይ የጭቃ መተላለፊያ መሥራት አለበት፤ ያንን አይቼ አፈርሰዋለሁ። ጽድ ካገኙ ለታችኛው ክፍል እርሱን ይምረጡ፣ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ምስጥን ይችላል።

ዛፉን እስከ ግድግዳው ማስጠጋት። ጥላው ያምራል። ነገር ግን የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው በመጋቢት ደርቆ ሲከመር አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች፤ ወደ ጣሪያውም ያዘመመ ዛፍ ካለ ቀድሞ ይውረድ። ጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ብዙ አይዘኑ።

ጣሪያን ማሳጠር። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ክፈፉን ካሳጠሩት የክረምቱ ዝናብ ምርጊቱን ከሥር ያጥበዋል። 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጪ ይዝለቅ።

መስኮት ላይ የሽቦ ወንፊት መግጠምን ለመጨረሻ ማቆየት። ወባ ክረምቱ ሲወጣ ነው የሚበረታው። እኔ ወንፊቱን የገጠምሁት በጥቅምት፣ ከሆስፒታል በወጣሁ በሳምንቱ ነበር።