በእጅ የሚሠራ ሹራብ፦ ችግሩ ከየት ይነሣል? እንዴትስ ይስተካከላል?

በእጅ ሹራብ ሥራ ዛሬ የተፈጸመ ስህተት የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከቀናት በኋላ፣ ደረትና ጀርባው አልቀው ሊገጣጠሙ ሲሉ ነው። ጀማሪዋ ጥፋቱን በታየበት ቦታ ትፈልገዋለች፤ የተፈጠረው ግን እጅግ ቀደም ብሎ ስለሆነ የምትተረትረው ረድፍ ሁሉ ከንቱ ይሆንባታል። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ሹራብ እየሠራሁ በምሸጥባቸው ዓመታት በራሴም፣ ባስተማርኳቸው ሴቶችም እጅ ደጋግሜ ያየኋቸው ናቸው። በመርፌው ላይ የሚደረደረውን እያንዳንዱን የክር ቀለበት «ዐይን» እያልኩ እጠራዋለሁ።

ሹራቡ ከተለካው ሰው ሲሰፋ ወይም ሲጠብ

ልኩ በትክክል ተወስዶ፣ ዐይኑም በትክክል ተቆጥሮ ሹራቡ ሲሰፋ ምክንያቱ የሠሪዋ እጅ ነው። አንዷ ክሩን ጠበቅ፣ ሌላዋ ላላ አድርጋ ስለምትሠራ፣ በአንድ ዓይነት ክርና መርፌ የሁለት ሰው ሥራ እኩል አይወጣም። በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ዐይን ይወጣል በሚል ስሌት ለ100 ሳንቲ ሜትር የደረት ዙሪያ 220 ዐይን ተጀመረ እንበል። የሠሪዋ እጅ ላላ ብሎ በ10 ሳንቲ ሜትር 20 ዐይን ብቻ ከወጣ፣ ሹራቡ 110 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የሁለት ዐይን ልዩነት ደንበኛ አሳጣ ማለት ነው።

መፍትሔው በዚያው ክርና መርፌ 15 ሳንቲ ሜትር በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ሠርቶ፣ አጥቦና አድርቆ፣ ከዚያ መካከሉ ላይ ያለውን 10 ሳንቲ ሜትር መቁጠር ነው። ዐይኑ ካነሰ በቀጠነ መርፌ፣ ከበዛ በወፈረ መርፌ እንደገና ይሞከራል። እጅን በግድ ለማጥበቅ መሞከር አይበጅም፤ ሐሳብ ሲሄድ እጅ ወደ ልማዱ ይመለሳልና። እኔ ናሙና «የክር ብክነት» መስሎኝ በዘለልኩባቸው ጊዜያት ሁሉ ከናሙናው ብዙ እጥፍ የሆነ ክር ተርትሬአለሁ።

ዐይን አምልጦ ሲተረተር

አንድ ዐይን ከመርፌው ሲያመልጥ ከሥሩ ያሉትን እየፈታ ይወርዳል፤ በመንገዱም እንደ መሰላል ደረጃ የተጋደሙ ክሮችን ይተዋል። ብዙዎች ደንግጠው ሥራውን በሙሉ ይፈቱታል፤ ይህ ግን አያስፈልግም። በመጀመሪያ ያመለጠውን ዐይን በመርፌ ቁልፍ ወይም በሌላ ቀጭን ነገር መያዝና ተጨማሪ እንዳይወርድ ማድረግ ይገባል። ከዚያ ኪሮሽ በፊት በኩል ወደ ዐይኑ ይገባል፤ ከሁሉ ታች ያለውን የተጋደመ ክር ይይዝና በዐይኑ ውስጥ ስቦ ያወጣዋል። አዲስ ዐይን ተፈጠረ። እንዲሁ እያሉ ደረጃ በደረጃ እስከ መርፌው መውጣት ነው። አንድ ደረጃ ከተዘለለ በጀርባው ላይ የተንጠለጠለ ክር ይቀራል፤ ስለዚህ ሲጨረስ ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። የተጠገነው መስመር መጀመሪያ ላይ ቢሳሳም ከታጠበ በኋላ ከጎረቤቶቹ ጋር ይስተካከላል።

የዐይኑ ቁጥር ሳይታሰብ ሲጨምር

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ረድፉ ሲጀመር ክሩ በመርፌው ላይ ወደ ኋላ ተሻግሮ የመጀመሪያውን ዐይን ስለሚስበው፣ አንዱ ዐይን ሁለት መስሎ መታየቱ ነው። ክሩን ሁልጊዜ ከመርፌው በታች አድርጎ መጀመርና በየአሥሩ ረድፍ መቁጠር ይበቃል።

ጠርዙ ሲጠቀለል

ፊቱ ለስላሳ፣ ጀርባው ጉብጉብ ያለ ሹራብ ታችኛው ጠርዙ ወደ ፊት፣ ጎንና ጎኑ ደግሞ ወደ ኋላ ይጠቀለላል። ይህ የሠሪዋ ጥፋት ሳይሆን የዚህ አሠራር ተፈጥሮ ነው፤ የዐይኑ ፊትና ጀርባ ኃይላቸው እኩል አይደለም። ካውያ ቢያስተኛውም ተመልሶ ይጠቀለላል። ታችኛውን 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር የፊትና የጀርባ ዐይን እያፈራረቁ መሥራት ግን ይይዘዋል።

ከጥለት የተቀዳው ንድፍ ሲጨፈለቅ

ለእኔ የሹራብ ሥራ ትልቁ ደስታ ይህ ነው። የእናቶቻችን ቀሚስ ጥለትና በላዩ ያለው መስቀል ማለቂያ የሌለው የንድፍ ሀብት ነው፤ ለአራስ ጥየቃ የሚወሰድ የሕፃን ሹራብ ደረቱ ላይ ትንሽ ጥለት ሲኖረው ያየው ሁሉ ይነካዋል። ሆኖም ንድፉን በካሬ ደብተር ላይ ስሎ፣ አንዱን ካሬ አንድ ዐይን አድርጎ የሠራ ሰው መስቀሉ አጥሮና ሰፍቶ ይወጣበታል።

ምክንያቱ የሹራብ ዐይን ካሬ አለመሆኑ ነው፤ ቁመቱ ከስፋቱ ያንሳል። በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ዐይንና 30 ረድፍ ከወጣ፣ 20 በ20 የሆነ ንድፍ ስፋቱ 9.1፣ ቁመቱ ግን 6.7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ለቀላል ንድፍ ከየሦስት ረድፍ አንዱን መድገም በቂ ነው፤ 20ው ረድፍ ወደ 27 ያህል ያድግና ቁመቱ 9 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ሰያፍ መስመር ያለበት ንድፍ ግን ሲደገም ይሰባበራል። ስለዚህ ወረቀቱን አስቀድሞ ስፋቱ 4፣ ቁመቱ 3 በሆኑ ሣጥኖች ከፍሎ በዚያ ላይ መሳል ይሻላል።

ሁለት ቀለም ሲሠራ ጨርቁ የሚጨማደደው ደግሞ በጀርባ የሚያልፈው ክር ሲወጠር ነው። ቀለም ከመቀየር በፊት አሁን የተሠሩትን ዐይኖች በመርፌው ላይ ዘርጋ ማድረግ፣ ከአምስት ዐይን በላይ የሚሻገርን ክር ደግሞ መካከሉ ላይ ከሌላው ጋር ማጠላለፍ ያስፈልጋል።

በአንድ ቀለም ሹራብ ላይ መስመር ሲታይ

የቀለሙ ቁጥር አንድ ቢሆንም ክሩ በተለያየ ዙር ተነክሯል። በክሩ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የሚጻፈውን የንከራ ቁጥር አይቶ ሙሉውን ክር በአንድ ጊዜ መግዛት ይገባል። ክሩ አልቆ የሚመሳሰል ብቻ ከተገኘ ከሁለቱም ልቃቂት ሁለት ሁለት ረድፍ እያፈራረቁ ቢሠሩ ልዩነቱ ይሰወራል።

ሹራቡ ከታጠበ በኋላ ሲበላሽ

የበግ ጠጉር በሙቅ ውኃ ከታሸ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ጨርቁ ይጠባል፣ ይወፍራልም፤ አይመለስም። አክሪሊክ ደግሞ በጋለ ካውያ ሲነካ ይለጠጥና ሕይወት ያጣል፤ እርሱም አይመለስም። የክሩ ዓይነት ካልታወቀ ቁራጩን በእሳት መሞከር ነው፤ ጠጉር እንደተቃጠለ ፀጉር ሸትቶ የሚፈረፈር አመድ ይሆናል፤ አክሪሊክ ቀልጦ እንደ ጠጠር ይጠነክራል። ስለዚህ ለደንበኛ የሚሰጥ ሹራብ ሁሉ አስተጣጠቡ በወረቀት ተጽፎ አብሮት ሊሄድ ይገባል።

ሥራው እያለ ገንዘቡ ሲጠፋ

ይህ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ችግር ነው። አብዛኞቻችን የክሩን ዋጋ እናሰላና ጥቂት ጨምረን እንሸጣለን፤ ሌሊት የሠራነውን ሰዓት አንቆጥርም። አንድ የአዋቂ ሹራብ ሲጀመርና ሲቆም ሰዓቱን በደብተር መጻፍ፣ ሲሸጥም ከዋጋው ላይ ክርን፣ ቁልፍንና ትራንስፖርትን ቀንሶ ቀሪውን ለሰዓቱ ማካፈል ያስፈልጋል። የሚወጣው ቁጥር አስደንጋጭ ከሆነ ዋጋውን ማስተካከል፣ ወይም በፍጥነት ወደሚያልቀው የሕፃን ኮፍያና ካልሲ ማዘንበል ይቻላል። በልዩ ልክ ወይም በልዩ ቀለም ለሚታዘዝ ሥራ ደግሞ ቢያንስ የክሩን ሙሉ ዋጋ የሚሸፍን ቀብድ ሳይቀበሉ መርፌ ማንሣት አይገባም፤ ባለቤቱ ከቀረ ያ ሹራብ ለሌላ ሰው አይሆንምና።